ከአንድ እጅ የጎረሱ

ትርንጎ በመቶ አሥራ ሁለተኛው ቀን ከገደል ወደቀች። ሐሙስ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። የወረብ ቀበሌ ሜዳ ቤት ተቆጣጣሪ እትዬ ዝማም ሰዓቱን አይተው በመዝገቡ ላይ «ሰባተኛ ወንበር፣ መውደቅ፣ ሁለቱም እጅ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱና የትርንጎን አገጭ ሳብ አድርገው በጥርሶቿ መካከል የታጠፈ ጨርቅ አስገቡ። የሜዳውን ሕመም ወደ ሰውነት የሚያደርሰው ሰደርያ ስብራት ሲያስተላልፍ ምላስ የሚነከሰው በመጀመሪያዎቹ አርባ ሰከንዶች ውስጥ ነው። እትዬ ዝማም በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይተዋል። እስከ አርባ ቆጠሩ፣ ጨርቁን አወጡ፣ ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ።

ሜዳ ቤቱ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። አሁን መነጽር ለብሰው በምስል ወደተሠራው ሜዳ የሚገቡባቸው አሥራ አራት ወንበሮች አሉት፤ በበሩ በኩል ሰባቱ የፈላጊዎች ናቸው፣ በግድግዳው በኩል ሰባቱ የተፈላጊዎች። ፈላጊና የራሱ ተፈላጊ በአንድ ሜዳ ቤት አይቀመጡም። የሥራ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ ስድስት ነው። እሑድ ዝግ ነው።

ትርንጎ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የደም ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት በከተማው የውሃ ቆጣሪ ታነብ ነበር። የደም ፈቃድ የሚሞላው በወሊድ ፈቃድ ቅጽ ላይ ነው፤ የሚለየው ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ብቻ ነው። በወጣችበት ቀን ባልደረቦቿ ኬክ አስመጡላት። በነጭ ክሬም «በርቺ» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ስትቆርስ የክፍል ኃላፊዋ የቢላዋ አያያዟን አይቶ፣ የእንዳላማው ወገን እንቅልፉን ይተኛ አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እርሷም ሳቀች።

የእንዳላማው ወገን ደመኛቸው ነው። ከእነርሱ አንዱ ስማቸው የሚባለውን ታላቅ ወንድሟን በመስኖ ቦይ ጠብ በአካፋ ጭንቅላቱን መትቶ ገደለው። ገዳዩ ታስሯል። እስሩ ግን የመንግሥት ነው፤ ደሙ የቤተሰብ ነው።

ሕጉ በ2068 ዓ.ም. ከወጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የሟች ቤተሰብ አንድ ፈላጊ ያስመዘግባል፣ የገዳይ ቤተሰብ አንድ ተፈላጊ። ዘጠኝ ወር ይሰጣቸዋል። ፈላጊው ተፈላጊውን ሜዳው ላይ አግኝቶ ከገደለው ፋይሉ ይዘጋል። ካልገደለው ፋይሉ «ወደ ቤተሰብ ይመለሳል»። ይህ ሐረግ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም። የደም ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ በሠንጠረዡ መሠረት ፋይሉ ከተመለሰ በኋላ ጠመንጃ ይዞ የሚወጣ ሰው በአማካይ አሥራ አንድ ወር ይኖራል።

ትርንጎ ካልገደለች የሚወጣው ታናሽ ወንድሟ ብናልፈው ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እናትና አባት የላቸውም፤ ከስማቸው በኋላ ከቤቱ የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ሜዳው ሰፊ ነው። በመጀመሪያው ወር ትርንጎ ዳርቻውን ለማየት አሥራ ዘጠኝ ቀን ወደ ምሥራቅ ሄዳ ዝናብ ብቻ አግኝታ ተመልሳለች። ፈረሷ አንድ ቀን ወደ ዓለት ገብቶ ቀረ፤ ኋላው ከውጭ፣ ግንባሩ ከድንጋዩ ውስጥ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሽካካ ቆይቶ ዝም አለ። ቦርሳው አሥራ ሁለት ዕቃ ብቻ ይይዛል፤ አሥራ ሦስተኛውን ለማንሣት አንዱን መጣል ግድ ነው፣ የጣሉት ደግሞ በማግስቱ የሚያስፈልገው ነው። እንጨት ይረጥባል። ሰይፍ ስለቱ ሲያልቅ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ገደል ስትወጣ የክንዷ ብርታት የሚያልቀው ሁልጊዜ ጫፉ ሁለት ክንድ ሲቀረው ነበር። አንዳንድ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን መነጽሩን አውልቃ፣ የሄደችው ሁሉ ትናንት የነበረችበት ቦታ ሊመልሳት እንደሆነ ገብቷት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ታለቅሳለች። እትዬ ዝማም ይህንንም ይመዘግቡ ነበር።

ሌላው ነገር በመዝገብ አልነበረም። በስድሳኛው ቀን አንድ ሸንተረር ወጥታ ከበታቿ ሦስት ደሴት ያለው ሐይቅ አየች። ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሣ፣ ደሴቶቹ አንድ በአንድ ሲመጡ፣ ቆመች። ትርንጎ በሕይወቷ ከወረዳዋ ወጥታ አታውቅም፤ ዋናም አትችልም። ሜዳው ላይ ግን ዋናን ለመደች። ምንም የሌለባቸው አርባ አንድ ዋሻዎች አግኝታለች፤ እያንዳንዱን ታስታውሰዋለች። ማታ ብናልፈው ምን አገኘሽ ሲላት ዱካ አላገኘሁም ትለዋለች። እውነቷን ነው። በወንድሟ ደም መደሰቷን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወይ ፈላጊ ነው ወይ ተፈላጊ። ስለዚህ ማንም ማንንም ስሙን አይጠይቅም። የሚጠይቅ ሊገድል የፈለገ ብቻ ነው፤ ሳይጠይቁ መግደልም አይፈቀድም። ሜዳው ላይ ፊት የተውሶ ስለሆነ «የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ሁለቱን ዝም ማለት ይቻላል፤ በሦስተኛው ምላስ መዋሸት አይችልም። ሳይጠይቅ የገደለ፣ ወይም የሌላ ሰው ደመኛ የገደለ፣ አዲስ ደም ይከፈትበታል። እጁን የሰጠም አይቆጠርም፤ የወረዳው ሽማግሌዎች ሕጉ ሲረቀቅ፣ አንገቱን አዘንብሎ የሚጠብቅ ሰው ቢታረድ ምን ደም ነው ብለው ነበር። ስለዚህ ተፈላጊ መሸሽ አለበት።

ሰዎች ሲገናኙ ደህና ዋልክ፣ ደህና ዋልሽ ተባብለው ይተላለፋሉ። አብዛኛው ቀን እንዲህ ያልፋል። አንዳንዱ አያልፍም። በዘጠናኛው ቀን በግድግዳው በኩል የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ አስማረ ተጠየቀ። ትርንጎ በሌላ ሸለቆ እየሄደች ነበር፤ የሰማችው በጆሮዋ፣ ከአራት ሜትር ርቀት ነው። የአስማረ ተረከዝ የወንበሩን እግር መምታት ጀመረ። መጀመሪያ በፍጥነት መታው፣ ከዚያ ቀስ እያለ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ። ማንም መነጽሩን አላወለቀም፤ በሥራ ሰዓት ያወለቀ ቀኑ አይታሰብለትም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንበሩ ባዶ ነበር፣ ወለሉ ተወልውሏል። አስማረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱቁን ከፍቶ ፀጉር ሲያስተካክል ታየ። የደንበኞቹን ጆሮ መንካት ግን አይችልም ነበር፤ እጁ እዚያ ሲደርስ ይመለሳል።

ትርንጎ የወደቀችው ከቀይ ገደል ነው። የረገጠችው ድንጋይ አብሯት ወረደ። ታች ስትደርስ ሁለቱም ክንዶቿ ከክርን በላይ ተሰብረው፣ የአንዱ አጥንት ወጥቶ ነበር። ሜዳው ላይ ስብራትን የሚጠግነው ምግብ ነው፤ ምግብ ደግሞ ያለ እጅ ከቦርሳ አይወጣም። ደሟ እየወረደ ነበር። ከሞተች ባዶዋን ከመጀመሪያው በር ትጀምራለች፤ ከዚያ እዚህ ለመድረስ ስድሳ ቀን ፈጅቶባታል፣ ፈቃዷም ወደ ግማሹ እየተጠጋ ነው።

አንድ ሰው በገደሉ ወርዶ መጣ። አረማመዱ የሽማግሌ ነው፤ ጉልበቱን ይቆጥባል። አጠገቧ ተንበርክኮ ክንዶቿን አየ። ከቦርሳው ቂጣና የተጠበሰ ዓሣ አወጣ፣ እሾሁን ለቀመ፣ ጠቀለለና ወደ አፏ አቀረበው።

መጠየቅ ነበረባት። ሕጉን ታውቀዋለች፤ አንቀጽ አሥራ አራትን የማያውቅ ሰው የለም። ሕጉ ሲረቀቅ የወረዳው ሽማግሌዎች ከአንድ እጅ የጎረሱ ሰዎች ደም እንዳይቃቡ ይጻፍልን ብለው ነበር። ሜዳውን የሠሩት መሐንዲሶች ጉርሻ ምን እንደሆነ ጠይቀው ሲነገራቸው ጉርሻን መድኃኒት አደረጉት፤ ስብራትን ከማንኛውም ምግብ በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይጠግናል። ጎራሽና አጉራሽ ግን ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ቢገድል አይቆጠርም።

ቢሆንም ሰውዬው እጁን ዘርግቷል። የተዘረጋ ጉርሻ ፊት ለፊት አድርጎ የማን ወገን ነህ ማለት የሚችል አፍ ትርንጎ የላትም። የላትም ብቻ ሳይሆን ሐሳቡም አልመጣላትም። አፏን ከፈተች። ሰውዬው በአንዱ አላቆመም፤ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ አጎረሳት። በሦስተኛው አጥንቷ ወደ ቦታው ሲገባ ሰማችው።

ስሙን አልጠየቀችም። ጋሼ አለችው። እርሱም አንቺ ልጅ ይላት ነበር።

ሃያ ሦስት ቀን አብረው ሄዱ። ገደል ስትወጣ ክንዷን ሳይሆን እግሯን እንድትጠቀም ያሳያት እርሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጫፉ ሁለት ክንድ ሲቀረው መውደቅ ቀረ። ንቦች የት እንደሚሰፍሩ፣ በዝናብ ውስጥ እሳት የትኛው ቅርፊት እንደሚይዝ ያውቃል። ይቀልድባት ነበር። ስትዋኝ አይቶ፣ እንዲህ የምትዋኝ ድመት አባይ ውስጥ ሰጥማ አይቻለሁ አላት። ፈረስ ሲጠፋባት፣ ያንቺ ፈረሶች ሁሉ ድንጋይ የሚወዱት ከጌታቸው ለማምለጥ ነው አለ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ቤቷ ስትገባ ቀልዱ ትዝ ብሏት ብቻዋን ትስቅ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ወንዝ ዳር አምስት ጅቦች መጡባቸው። ትልቁ ትርንጎን ከጭኗ ያዛት። ሰውዬው ግራ ክንዱን እስከ ክርኑ በጅቡ አፍ ውስጥ አስገብቶ መንጋጋውን ከፈተ፤ ክንዱ ሲቆረጥ አልጮኸም፣ እርሷ የጅቡን አንገት እስክትቆርጥ ድረስ ያዘው። ቀጥሎ ሌሎቹን አንድ በአንድ ገደሏቸው። ሣሩ ተኝቶ ነበር። ከዚያ እርሷ አጎረሰችው፤ ክንዱ ተመለሰ። ቀኑ ሲያልቅ ጭኗ ላይ የአራት ጥርስ ቦታ የጠቆረ ምልክት አገኘች፤ ለሳምንት አነከሰች። ደስተኛ ነበረች።

በሃያ ሦስተኛው ቀን አንድ ወንዝ ሲሻገሩ ፈረሰኛ መንገዱን ዘጋ። ወጣት ነው፤ ሰይፉ ወጥቷል። ትርንጎን አላያትም። ሰውዬውን የማን ወገን ነህ ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ዝም አለ። ደግሞ ጠየቀው፤ ዝም አለ። ሦስተኛውን ሲጠይቀው ምላሱ መለሰ።

«ልየው እንዳላማው፤ ከወረብ ቆላ» አለ።

ወጣቱ ሰይፉን ወደ ሰገባው መለሰ። «ይቅርታ አባባ፤ የኔ ሰው አይደሉም» አለ። ከፈረሱ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ አለፈ።

ትርንጎ ውሃው መካከል ቆማ ነበር። ልየው ከዳር ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ፤ ውስጡ የገባውን ውሃ አፈሰሰ። እጇ ሰይፏ ላይ መሆኑን አይቷል።

«መቼ አወቁኝ ጋሼ?» አለችው።

«ከመጀመሪያው። ወንድምሽን ስማቸውን አውቀው ነበር፤ ስትሄጂ እርሱን ትመስያለሽ።»

መቶ ቀን እንደሸሸ ነገራት። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። የሚሸሽ ሰው አገር አያይም አለ፤ የሚያየው የራሱን ዱካ ነው። ስለዚህ መሸሽ ትቶ ከኋላዋ መሄድ ጀመረ፤ ለተፈላጊ ከፈላጊው ጀርባ የተሻለ መደበቂያ የለም። ከቀይ ገደል በፊት አሥራ አንድ ቀን ተከትሏታል። የት እንደምትወጣ ስለገመተ ከሰፈረችበት ሳትነሣ ቀድሟት ወጣ።

«ድንጋዩን ያላላሁት እኔ ነኝ» አላት።

«እጄ እንዲሰበር?»

«እጅሽ እንዲሰበር። ካልተሰበረ አትጎርሺልኝም።»

«ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ።»

ልየው ጫማውን መልሶ አጠለቀ። «አንዷ ትበቃኝ ነበር» አለ። «ሁለቱን የጨመርኩት ርቦሽ ስለነበር ነው።»

ከዚያ ስለ ሕጉ አወራት። አሁን ማንም ማንንም መግደል አይችልም። አንድ ላይ ጽሕፈት ቤት ሄደን ብንፈርም ፋይሉ በእርቅ ይዘጋል አላት፤ ባለፈው ዓመት በዚህ አንቀጽ የተዘጉ ሦስት አሉ። እስከ ሰኞ አስቢበት አለ። ሦስት ደሴት ባለው ሐይቅ እንደሚጠብቃት ነግሯት ሄደ። አልተከተለችውም።

ብናልፈው ግቢው ውስጥ ላስቲክ አንጥፎ የጠመንጃውን ብረቶች በተራ ደርድሮባቸው ነበር። ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከሥራ ቀድሞ መጥቷል። ትርንጎ አጠገቡ ቁጭ አለች። ነገሩ በእርቅ ቢያልቅ ምን ይላል ብላ ጠየቀችው፤ እንዲሁ ነው አለችው፣ አንዲት ሴት ሜዳ ቤት ውስጥ ስታወራ ሰምቼ ነው። ብናልፈው አላያትም። ማን አስታረቀን አለ፤ የትኛው ሽማግሌ መጣ፤ ወንድማችንን ስማቸውን ማን ጠየቀው። ብረቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይወለውል ነበር። እጁ ከዓመት በፊት ከነበረው ቀጥኗል።

«ታርቀሻል እንዴ?» አላት።

«አልታረቅኩም።»

«ፋይሉ ተዘጋ አልተዘጋ፣ መስከረም ሁለት ቆላ እወርዳለሁ። ለጽሕፈት ቤቱ ብዬ አይደለም።» ቆም አለና፣ «ሰዋቸው ሜዳው ላይ ሲሞት በዓይኔ ካየሁ ግን እተኛለሁ። እውነቴን ነው ትርንጎ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አልተኛሁም» አለ።

እንዳልተኛ ታውቃለች። ግድግዳቸው አንድ ነው።

ወደ ክፍሏ ገብታ የሕጉን መጽሐፍ ከሣጥኗ አወጣች። አንቀጽ አሥራ አራትን እንደ ውሃ ቆጣሪ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከእጁ የጎረሰችውን ሰው የገደለች ፈላጊ ግድያዋ አይቆጠርላትም። አዲስ ደም ይከፈትባታል፤ የሟቹ ቤተሰብ ፈላጊ ያስመዘግባል፣ እርሷ ራሷ ተፈላጊ ትሆናለች፤ ሌላ ሰው ሊተካት አይችልም። አዲስ ዘጠኝ ወር ይጀምራል። መጽሐፉን መለሰችና ወጥታ ብናልፈውን ሰኞ ሜዳ ቤት ና አለችው።

ሰኞ ብናልፈው ከአጎታቸውና ከሁለት ዘመዶች ጋር መጣ። የቤተሰብ አግዳሚ ከመስታወት ጀርባ ነው፤ ምስሉ ግድግዳው ላይ ይታያል፣ ድምፅ አያልፍም። እትዬ ዝማም ሰደርያዋን እያሰሩላት ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠየቋት። በባዶ ሆድ የሚያስመልሳቸው ይበዛሉ አሏት። በልቻለሁ አለች፤ አልበላችም ነበር።

ልየው ሐይቁ ዳር ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በጦር ዓሣ ይወጋ ነበር። ሲያያት ፈገግ ሊል ጀመረ። ሰይፏ ወጥቷል።

«ጋሼ» አለችው። «አይቆጠርም። አውቃለሁ።»

ብዙ አያት። ዓሣው ከጦሩ ጫፍ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ወንድምሽ ነው?»

«እያየ ነው።»

ልየው ጦሩን ውሃው ላይ ጣለ። ከዚያ አሰበና ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ዓሣውን በእግሩ አላቀቀ። «እንግዲያው ልታገል» አለ። «እጁን ሰጠ እንዳይል።»

አላስመሰለም። የመጀመሪያው ውጋት በጎኗ ገብቶ በጀርባዋ ወጣ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውነቷ እንደ ቅስት ተለጠጠ፤ እትዬ ዝማም ጨርቁን ይዘው መጡ። ትርንጎ ጦሩን በእጇ ይዛ ወደ እርሱ ተሳበች፤ ትከሻውን መታችው፣ አጥንቱ እስኪያቆማት ድረስ ገባ። በሁለተኛው ከአንገቱ ሥር እስከ ጡቱ ከፈተችው። ጦሩን ለቀቀ። በእጁ ሲከላከል ሦስት ጣቶቹ ሄዱ። ውሃው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ። በዘጠነኛው ምት ሰይፉ ከመያዣው ተሰበረ።

ልየው በጉልበቱ ቆሞ ነበር፤ አልሞተም። ሌላ ሰይፍ የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል። ትርንጎ ከዳር ድንጋይ አነሣች። ድንጋይ ሜዳው ላይ አይሰበርም።

እጆቹን ወደ ኋላ አደረጋቸው። ፈቅዶ ነው ያደረጋቸው፤ በመጀመሪያው ምት ግን ራሳቸው መጥተው የእጇን አንጓ ያዙ። እስኪለቋት ጠበቀች። ደግሞ መታችው። ግንባሩ ገባ። ደግሞ። በአራተኛው መንጋጋው ከቦታው ወጣ፤ አንድ ነገር ሊላት እየሞከረ ነበር፣ ቃሉ አልወጣም። በስድስተኛው ክንዷ ሥራውን እንደለመደው ተሰማት፤ ዋናን እንደለመደው፣ ገደልን እንደለመደው፣ ያለ እርሷ ይሄድ ጀመር። አሥራ አንድ ጊዜ መታችው። ከአሥራ አንደኛው በኋላ የምትመታው ነገር አልነበረም፤ ትንንሽ ዓሣዎች መጥተው ነበር።

ግድግዳው ላይ በቀይ «ያልተቆጠረ፤ አንቀጽ 14» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

መነጽሩን ስታወልቅ ብናልፈው ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ቆሞ ነበር፤ ትንፋሹ መስታወቱን አደብዝዞታል። አጎታቸው ጽሑፉን አንብቦ በልታለች አለ። ከደመኛዋ እጅ በልታለች ብሎ ለዘመዶቹ ደገመላቸው፤ ከዚያ እርሷን ላለማየት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ብናልፈው ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቶ ወደ ወንበሩ መጣ። ግድግዳውን አየ፣ እርሷን አየ። አፏ ዳር የጨርቁ ክር ቀርቶ ነበር፤ በጣቱ አነሣላት።

«ለኔ ተቆጥሯል» አለ።

በዚያው ቀን ጠመንጃውን ለቀበሌው አስረከበ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኝቶ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሣ። ትርንጎ በግድግዳው በኩል ሲያንኮራፋ ሰማችው።

ልየውን ከቆላው ሜዳ ቤት በአልጋ አውጥተው ጤና ጣቢያ እንደወሰዱት ተወራ። ፊቱ ላይ አንድ ጭረት አልነበረም፤ ሆኖም ግራ ዓይኑን ለሁለት ቀን መክፈት አልቻለም፤ ምግብም በማንኪያ እንጂ ከሰው እጅ አልቀበልም ብሏል። ቤተሰቡ ፈላጊ እንዲሆን ሲጠይቀው እምቢ አለ። ለምን እንዳለ አልተናገረም። በምትኩ የእህቱን ልጅ አስመዘገቡ፤ ሃያ ዓመቷ ነው፣ በወረዳው የረጅም ርቀት ሩጫ ሁለተኛ ወጥታለች።

መጥሪያው ሐሙስ ደረሰ። ትርንጎ ፈቃዷን ለማራዘም መሥሪያ ቤቷ ሄዳ ያንኑ ቅጽ ሞላች፣ ሌላ ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። የክፍል ኃላፊዋ ፈረመላት። በዚህ ጊዜ አልቀለደም፤ ቢላዋ አያያዟን የሚያውቅ አሁን ወረዳው ሁሉ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ በግድግዳው በኩል አሥራ አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዝማም ሰደርያውን አጥብቀው አሰሩላት። የመጀመሪያ ቀን ወደ ላይ አትውጪ አሏት፤ ከላይ ያለ ሰው ከሩቅ ይታያል። ለአዲስ ተፈላጊዎች ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። ከዚያ መነጽሩን አለበሷት።

ከመጀመሪያው በር ፊት ባዶ ቦርሳ ይዛ ቆመች። ዝናብ አባርቶ ነበር። መቶ ሠላሳ ቀን እዚህ ስትሄድ አብዝታ ያየችው መሬት መሬቱን ነው፤ የተጫነ ሣር፣ የተገለበጠ ጠጠር፣ ከሰው እግር የሚቀር ነገር። አሁን ቀና አለች። በሰሜን በኩል ግማሹ በደመና የተሸፈነ ተራራ ነበር። ሁልጊዜም እዚያ ነበር፤ ዱካ ስላልነበረበት ሄዳበት አታውቅም። ከተራራው በስተጀርባ ምን እንዳለ ከጠየቀቻቸው ሰዎች አንዱም አያውቅም።

የልየው እህት ልጅ በር የሚከፈትላት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ትርንጎ የአንድ ሰዓት ቅድሚያ አላት።

ወደ ተራራው መሮጥ ጀመረች። መጀመሪያ በፍርሃት ሮጠች። ትንሽ እንደሄደች መሬቱ ወደ ላይ አዘነበለ፣ ሣሩ አጠረ፣ ነፋሱ ፊቷን መታው፤ ደስታው ደረቷ ውስጥ ሲነሣ ተሰማት። ወንበሩ ላይ ያለው ፊቷ እንዳያሳብቅባት ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው አግዳሚ ዛሬ ባዶ መሆኑን አስታወሰችና ፈገግታውን ለቀቀችው፤ እትዬ ዝማም ብዕራቸውን አንሥተው ምን ብለው እንደሚጽፉት አሰቡ።